መሐል ሜዳ ተቀምጠን መሐል ሜዳ አጣን

በኢትዮጵያ ካርታ ላይ ገና ስሙ ሲጠራ ኳስ ኳስ የሚሸት አንድ ከተማ አለ። መሐል ሜዳ! ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው። የስሙ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። የአውሮፓ ክለቦች አንድ ሁነኛ የመሐል ሜዳ ተጫዋች ፍለጋ ሚሊዮን ሲያፈሱ እኛ ሙሉ ከተማ አለን። እስቲ እናንተ ዲኤስቲቪ ቤት ለአርሰናልና ለማንቼ ስትጣሉ የምታመሹ ወገኖቼ፣ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ወጥቶ ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ አማካይ ስንት ትቆጥሩልኛላችሁ? አልቸኩልም፤ ጊዜ ውሰዱ።

እናንተ እያሰባችሁ እኔ አንድ ያየሁትን ላውጋችሁ።

ባለፈው ዓመት ከመንዝ ከተሞች በአንዷ ነበርኩ። (የከተማዋንም የአሰልጣኙንም ስም አልጠራም። ምክንያቱም ነገሩ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም፤ የሁላችንም በሽታ ነው።) ማለዳ ነው፤ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። ሠላሳ የሚሆኑ ታዳጊዎች ተሰልፈዋል። አሰልጣኙ ፊሽካ ነፋና በእጁ ጉብታውን አሳያቸው። ደርሰው ተመለሱ። ደግመው ሄዱ። ደግመው ተመለሱ። ኳሷስ? ኳሷ መረብ ውስጥ ሆና አሰልጣኙ እግር ሥር ተኝታለች። አንድ ናት። እሷም ብትሆን ማለዳውን ሙሉ አልተነካችም።

ሩጫው ሲያልቅ መጨረሻ የደረሱት አምስቱ ወደ ቤታቸው ተሸኙ። "ትንፋሽ የላቸውም" ተባለ። ከአምስቱ አንዱ ትንሽዬ ልጅ ነው፤ ኮንጎ ጫማ የተጫማ። ከመሸኘቱ በፊት፣ ሌሎቹ ሲያርፉ፣ ይሄው ልጅ በጨርቅ ኳስ ሦስት ትልልቅ ልጆችን ሲያዞር አይቼዋለሁ። አንዴም አልተነጠቀም። የአሰልጣኙ ዓይን ግን ሰዓቱ ላይ ነበር። ጠጋ ብዬ "ጋሼ፣ ኳሱ መቼ ነው?" አልኳቸው። "መጀመሪያ ፊትነስ! ኳስ የትም አይሄድም" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ኳስ የትም አልሄደም። የሄደው ልጁ ነው።

ትንፋሽ የለውም? መንዝ ላይ?

እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ይሄ ልጅ ከመንደሩ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ ይመጣል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በግ ይጠብቃል፤ በግ ደግሞ የሚሄደው ሜዳ ለሜዳ አይደለም፣ ገደል ለገደል ነው። ውሃ ይቀዳል፣ ጭድ ይሸከማል። ይሄን ሁሉ የሚያደርገው አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር በሲሶ ገደማ በሳሳበት ከፍታ ላይ ነው። ታዲያ ለዚህ ልጅ ከሌሊቱ 12 ሰዓት ላይ ተራራ ማስወጣት ለዓሣ ዋና ማስተማር አይሆንም ትላላችሁ?

የእኔን ወሬ አትመኑ፤ የሳይንሱን ስሙ። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን ደም መርምራ ነበር። የሄሞግሎቢናቸው መጠንም፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አገኘችው። በዚያ ከፍታ ላይ እንዲህ መሆኑ የዘርፉን ሰዎች አስደንቋል፤ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ደም እንኳ በሄሞግሎቢን ወፍሮ ነው ከፍታውን የሚቋቋመው። የእኛ ደገኛ ሳይወፍር ችሎታል።

ታዲያ ልጁ የጎደለው ምንድን ነው? ሳንባ አይደለም። ኳስ ነው! ኳስ መንካት፣ ኳስ ሳይደርሰው ቀና ብሎ ማየት፣ በሁለት ሰው መሐል ሲያዝ በየት እንደሚወጣ መወሰን ነው። ይሄን ጉብታ ላይ ሮጦ የተማረ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም።

አሥር ሰው ሦስት ጎል

"ሩጫ ቡድን ያደርጋል" የሚለውን እምነት የመንዝ አሰልጣኝ ከራሱ አላመነጨውም። ከላይ የወረደ ነው። የትኛውም ቡድን "ዝግጅት ገባ" ሲባል የምናየውን ፎቶ አስታውሱ፤ ተጫዋቾች ተራራ ሲወጡ፣ አሸዋ ላይ ሲሮጡ፣ ተሸካክመው ደረጃ ሲወጡ... ኳስ በፎቶው ውስጥ የለችም። ከዚያ ቡድኑ ይሸነፋል። ከሽንፈቱ በኋላ ምን እንላለን? "ልጆቹ አቅም አንሷቸዋል!" መድኃኒቱስ? ሌላ ተራራ።

እስቲ በአቅም ነው የተሸነፍነው የሚለውን እንፈትሸው። ጥር 2005፣ ደቡብ አፍሪካ። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃን የሰውነት ቢሻው ቡድን የመጀመሪያውን ጨዋታ በአሥር ሰው ተጫውቶ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። አገር ምድሩ ጨፈረ። (እኔም ጨፍሬያለሁ፤ አልክድም።) ሁለተኛው ጨዋታ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ነበር። 1 ለ 0 እየተመራን የእነሱ በረኛ በቀይ ካርድ ወጣ። አሥራ አንድ ለአሥር ሆንን። ውጤቱስ? 4 ለ 0። አሥር ሰው ሦስት ጎል ጨመረብን! አንድ ሰው በጎደለው ቡድን ላይ መሮጥ ያለበት ማን ነው? እነሱ። የሮጥነው ግን እኛ ነን፤ ኳስ ፍለጋ።

ይሄ ከሜዳችን ውጪ ነው ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ወደ ሜዳችን እንምጣ። ጥቅምት 3 ቀን 2006፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፤ ከ2300 ሜትር በላይ። ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ደርሶ መልስ፣ ከናይጄሪያ ጋር። በኃይሉ አሰፋ ጎል አስቆጠረልን። "አየሩ ይገድላቸዋል" ብለን እጃችንን አጣጥፈን ጠበቅን። ናይጄሪያዊው ኢማኑኤል ኢሜኒኬ ግን በ67ኛውና በ90ኛው ደቂቃ አስቆጥሮ 2 ለ 1 አሸነፉን። ልብ በሉ፤ 90ኛው ደቂቃ! ከባሕር ዳርቻ የመጣ ሰው ትንፋሹ ማለቅ ባለበት ሰዓት ላይ። ኅዳር ላይ ካላባር ሄደን 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ ነገሩም በዚያው አበቃ።

ያን ቡድን ልወቅስ አይደለም የመጣሁት። ውድ ትዝታችን ነው። እንዲያውም የምንወደው ኳስ ይዞ ስለተጫወተ ነው፤ ስለሮጠ አይደለም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ የሠራን ምን ነበር? የእኛ ስታዲየሞች በካፍ ስለታገዱ "በሜዳችን" የተባለውን ጨዋታ የተጫወትነው በሰው አገር ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ አብሮን አልተጓዘም። አብሮን የተጓዘው የውበቱ አባተ ልጆች ኳስ መቀባበላቸው ብቻ ነበር። በቃ።

"ቦሊቪያስ?" ላላችሁኝ

መቼም እዚህ ጽሑፍ ሥር "ቦሊቪያ ላ ፓዝ ላይ አርጀንቲናን 6 ለ 1 አልቀጣችም ወይ?" የሚል አዋቂ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቀጥታለች። መጋቢት 2001 ነበር፤ የአርጀንቲና አሰልጣኝ ማራዶና፣ ሜዳው ከ3600 ሜትር በላይ። ፊፋም በ1999 ከ2500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ አይደረግ ብሎ፣ ጩኸቱ ሲበዛበት በዓመቱ እገዳውን አንስቶታል። ጳጉሜን 2017 ደግሞ ቦሊቪያ ከ4000 ሜትር በላይ ያለው ኤል አልቶ ላይ ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፋለች። ስለዚህ ከፍታ አይረዳም አልልም። እኛም ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ፣ ጨዋታው ተራዝሞ መንግሥቱ ወርቁና ጓደኞቹ ግብፅን 4 ለ 2 ሲረቱ፣ አየሩ ምንም አላገዘንም ብዬ አልከራከርም።

ግን የቦሊቪያን ሌላውን ግማሽ ስሙ። ቦሊቪያ ከ1942 ወዲህ (እ.ኤ.አ. ከ1950 ማለቴ ነው) ዓለም ዋንጫን የረገጠችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1986። ያን ትውልድ ያፈራውስ የትኛው ተራራ ነው? ተራራ አይደለም! ማርኮ ኤቼቬሪና ኤርዊን ሳንቼዝ የመጡት ከሳንታ ክሩስ ነው። ሳንታ ክሩስ ቆላ ናት፤ ከባሕር ጠለል 400 ሜትር ገደማ ላይ። እዚያ ሮላንዶ አጊሌራ የተባለ ሰው በ1970 "ታዊቺ" የሚባል የሕፃናት ኳስ ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጆች ሰበሰበ፣ ኳስ ሰጣቸው፣ አስተማሪ መደበላቸው። 16 ዓመት ቆይቶ አገሪቱ ዓለም ዋንጫ ገባች። ተራራው ግን ከዚያ በፊትም እዚያው ነበር፤ ዛሬም እዚያው አለ።

የእኛም ከፍታ እንደዚያው ነው። በ1954 ዋንጫ ባነሳንበት አዲስ አበባ በ1960 አራተኛ ወጣን፤ በ1968 ከምድብ እንኳ አላለፍንም። ከተማዋ በእነዚያ 14 ዓመታት ዝቅ አላለችም። ዝቅ ያልነው እኛ ነን።

አበበ ቢቂላን ጥሩልኝና ገናን ላስታውሳችሁ

ሁለተኛው ክርክር ደግሞ "የደጋ ልጅ ሯጭ ነው፤ ኳስ የሌላው ነው" የሚለው ነው። ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ልጁ ሳይወለድ ሙያ ተመድቦለታል ማለት እኮ ነው!

እርግጥ አበበ ቢቂላ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው ጃቶ ነው፤ ነሐሴ 1 ቀን 1924። በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሆነውን ዓለም ያውቃል። ግን ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ አበበን አበበ ያደረገው ሜዳው ብቻ ቢሆን ኖሮ የጃቶ ልጅ ሁሉ ወርቅ ያመጣ ነበር። ከአጠገቡ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ዕቅድ ይዞ የሚያሠራ አሰልጣኝ ነበር። በቆጂን በቆጂ ያደረጋትም ከፍታዋ ብቻ አይደለም፤ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እዚያችው ከተማ ቁጭ ብሎ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ከሕፃንነታቸው ኮትኩቷል። ከፍታ ያለው ከተማ በኢትዮጵያ ሞልቷል፤ ስንታየሁ ያለው ከተማ ግን ስንት ነው?

ሁለተኛ፣ አበበ በልጅነቱ ይጫወት የነበረው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ገና! የኋላ ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይሄን አይዘሉትም። ገና ደግሞ የመንዝ ደም ነው። እስቲ ገናን በአሰልጣኝ ዓይን እዩት። ሜዳው አይለካም፤ ወጣ ገባ ነው። ቡድኑ በተገኘው ሰው ልክ ይከፈላል። ጥንጓ የት እንደምትነጥር አይታወቅም፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ዓይኑ ሁሌም ቀና ነው። ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋል፤ ማንም ማንንም "ቆይ መጀመሪያ ተራራ ውጣ" አይለውም። ገብቶ ይጫወታል። ትንፋሹንም፣ ብልሃቱንም፣ ድፍረቱንም እዚያው ጨዋታው ውስጥ ያገኘዋል።

አባቶቻችን ያለ ካፍ ላይሰንስ የገባቸው ነገር ለእኛ አልገባንም፦ ጨዋታ የሚለመደው በመጫወት ነው።

ፈረንጆቹም ዞረው ዞረው እዚያው ደርሰዋል። ፍራንኮ ኢምፔሊዜሪ የተባለ ጣሊያናዊ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት ወጣት ተጫዋቾችን ሁለት ቦታ ከፈለ። አንዱን ቡድን ያለ ኳስ እያስሮጠ አሠራው፤ ሌላውን በትንንሽ ሜዳ፣ በትንሽ ሰው ኳስ እያጫወተ። መጨረሻ ላይ የሁለቱ የትንፋሽ መሻሻል አንድ ዓይነት ሆነ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? አንደኛው ቡድን በዚያ ሁሉ ሰዓት ኳስ ነክቷል፤ ሌላኛው አልነካም።

ሒሳቡን እንሥራው

"መተቸት ቀላል ነው፤ ምን ይደረግ?" ለሚለኝ፣ ገንዘብ የማይጠይቀውን ብቻ ልናገር።

አንደኛ፣ ሒሳብ። 24 ልጆች አሉ እንበል። ለሁለት ተከፍለው በአንድ ኳስ አንድ ሰዓት ቢጫወቱ፣ ኳሷ ለሁሉም እኩል ብትደርስ እንኳ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። እነዚሁ 24 ልጆች አራት ለአራት ሆነው በሦስት ትንንሽ ሜዳ፣ በሦስት ኳስ ቢጫወቱ ለአንዱ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። ሦስት እጥፍ! ሦስት ኳስ ከየት ይምጣ? አንዷ የቆዳ፣ ሁለቷ የጨርቅ። ካልሲና ቡትቶ መንዝ ላይ አልጠፋም። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ድንጋይማ አለን።

ሁለተኛ፣ ትንሹን ልጅ አታባርሩት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆችን በሩጫና በጉልበት ስትመርጡ የምትመርጡት ቀድሞ ጢም ያበቀለውን ነው። በሦስት ዓመት ሌሎቹ ሲደርሱበት የእሱ ብልጫ ይጠፋል፤ ትንሹና ብልሁ ግን ያኔ በግ ጥበቃ ላይ ነው። ዕድሜ ማጭበርበርም የሚወለደው ከዚሁ ነው። ጉልበት ካሸለማችሁ ሰው የ19 ዓመቱን ጎረምሳ 15 ነው ብሎ ያመጣላችኋል። ፊፋ በ2002 ናይጄሪያ ላይ ለተደረገው ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ የእጅ አጥንት በኤምአርአይ ማየት የጀመረው ወዶ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከፍታውን ተጠቀሙበት እንጂ አታምልኩት። በሳሳ አየር ውስጥ ረጅም ኳስ ከታሰበው በላይ ይሄዳል፤ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ወርዶ ያንኑ ኳስ የመታ ልጅ አጥሮበት ይደነግጣል። ስለዚህ የደጋ ቡድን ኳስ መሬት ለመሬት መቀባበልን ካልተማረ ወደ ቆላ በወረደ ቁጥር አዲስ ስፖርት ይሆንበታል። አጭር፣ መሬት የያዘ፣ ቶሎ የሚተላለፍ ኳስ በሁሉም ከፍታ ላይ አንድ ነው።

አራተኛ፣ ዕቅድ ስታወጡ የእንግሊዝን ካሌንደር ትታችሁ የራሳችሁን እዩ። በመኸር ልጁ አጨዳ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙው ጎረምሳ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ባዶ ሆዱን በ8 ሰዓት ጉብታ የምታስወጡት ሰዎች፣ ምን እያዘጋጃችሁ ነው? ተጫዋች ወይስ ታማሚ? በጾም ሰሞን ቀለል ያለ የኳስ ልምምድ፣ የቆመ ኳስ፣ የቦታ አያያዝ ይሠራል፤ ጠንከር ያለው ከተበላ በኋላ ይሆናል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ልምምድ የምትጠሩትም አስቡበት፤ በዚያ ሰዓት ሴቶቹ ልጆች ውሃ ወርደዋል። "ሴት ልጅ ኳስ አትፈልግም" ከማለታችሁ በፊት ሰዓቱን ቀይሩትና እዩ።

አምስተኛ፣ የጥሎ ማለፍ በሽታ። ብዙ ወረዳ ላይ የዓመቱ ኳስ ማለት አንድ ሳምንት የሚቆይ ውድድር ነው። ማልያ ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ዋንጫ ይነሳል። የመጀመሪያውን ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያ ልጅ በዓመት የተጫወተው 90 ደቂቃ ነው! በማልያው ገንዘብ ኳስ ግዙ፤ አራት ቀበሌዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ዙር ይጫወቱ። ከንግግሩም የሚቀር ነገር የለም፤ ተናጋሪው ቅዳሜ መጥቶ ይናገር።

የመጨረሻውና ዋናው አስተማሪው ነው። ስለ አይስላንድ ሰምታችኋል። ሕዝቧ ያኔ 330 ሺህ ገደማ፣ አገሯ ብርድና ነፋስ። ሰኔ 2008 በአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሰናበተች፤ በ2010 ዓለም ዋንጫ ገባች። በጣሪያ የተሸፈኑ ሜዳዎች ሠርተዋል፤ እሱ ለእኛ ይቆየን። ግን ሌላም ነገር አደረጉ፤ የስድስት ዓመት ሕፃን የሚያሠለጥነው ሰው ሳይቀር የተማረና የሚከፈለው እንዲሆን አደረጉ። እኛ ጋ ግን ሕፃናት የሚሰጡት ፊሽካ ላለው ሰው ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ትምህርት ቤቶች የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን አሉ። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል፣ ዓለም ከተማ... እነሱን ሰብስቦ በመጀመሪያው እርከን የአሰልጣኝነት ኮርስ ማስተማር ስታዲየም ከመገንባት ይልቅ ስንት እጅ ይረክሳል? ስታዲየም ግን ሪባን አለው፤ ኮርስ ሪባን የለውም። ችግሩ እሱ ነው።

"በዚህ ጊዜ ስለ ኳስ?"

አሁን ደግሞ ከባዱ ጥያቄ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገብቷል። ሰሜን ሸዋም አልተረፈም። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ክፍላቸውን ሳያዩ ዓመታት ያለፉባቸው ቦታዎች አሉ። "ሰው ስለ ነፍሱ እየተጨነቀ አንተ ስለ አራት ለአራት ታወራለህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው።

መልሴ ይሄ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀበሌ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቀኑን የት ያሳልፍ? የሚጠሩት ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ኳስ ይዘው አልመጡም። በዚህ ሰዓት ሠላሳ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ሜዳ ላይ የሚሰበስብ ሰው ከአሰልጣኝም በላይ ነው። ታዲያ ከሠላሳው አምስቱን "ትንፋሽ የላችሁም" ብሎ የሚሸኝ ሰው ወዴት እንደሚሸኛቸው አስቧል? ድሮ ልጁ ከቡድን ሲባረር ወደ ክፍሉ ይመለስ ነበር። አሁን የሚመለስበት ክፍል ላይኖር ይችላል።

ለዚህ ነው ነገሩ የአሠራር ክርክር ብቻ የማይመስለኝ። የልጆች ቡድን የመጀመሪያ ሥራው መምረጥ አይደለም፤ ማቆየት ነው። ሰው በጨዋታ ይቆያል፤ በቅጣት ግን ይሸሻል። ለልጅ ደግሞ ኳስ የሌለው ሩጫ ቅጣት ነው፤ ትምህርት ቤት ስናረፍድ "ሜዳውን አምስት ዙር ዙር" የተባልን ሁላችን እናውቀዋለን።

አሰልጣኞቼ፣ አትቀየሙኝ። በውርጭ ተነስታችሁ፣ ደመወዝ ሳይከፈላችሁ፣ በራሳችሁ ፊሽካ እንደምትሠሩ አይቻለሁ። እኔ አዲስ አበባ ቡና እየጠጣሁ የምጽፈውን እናንተ በእግራችሁ ትከፍላላችሁ። ግን ይሄን ያህል ከከፈላችሁ አይቀር ለሚያዋጣው ክፈሉ። ነገ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ፦ ፊሽካው ከመነፋቱ በፊት ኳሷን ከመረቡ አውጧት። ጉብታው የትም አይሄድም።

ያ ኮንጎ ጫማ የተጫማው ልጅም ምናልባት እዚያው አካባቢ ነው። አስጠሩት። መጨረሻ የደረሰው ስላልቻለ ሳይሆን፣ ሲሮጥ ዞር ዞር እያለ ኳሷን ያይ ስለነበር ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።